ጠፍጣፋ ኮክ ኮምቦልቻ ላይ፦ አንዱ አላብብ አለ፣ አንዱ አብቦ ያራግፋል

ቦርከና_ዳር
የካቲት 19 ቀን 2015

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ጉዳዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

በ2010 የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ጠፍጣፋ ኮክ ይዛ መጣች። ላላያችሁት፦ የተቀመጡበት ኮክ ነው የሚመስለው። ሊጥ ላይ አውራ ጣት እንደተጫነ መሃሉ ጎድጎድ ይላል። ውስጡ ነጭ ነው። እንደ አገራችን ኮክ ጥርስ አያጠርስም፤ ማር ነው ብላችሁ ያዙት።

በልተን ስንጨርስ ዘሩን መጣል አሳዘነኝ። ጠንካራውን ቅርፊት በመዶሻ ቀስ አድርጌ ሰበርኩና ውስጠኛውን ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር አቆየሁት። እናቴ ለውዝ መስሏት አንዱን ልትቆረጥም ስትል ነው የደረስኩባት። ከስድስቱ ሁለት በቀሉ።

አንዱን ማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ሌላውን ግቢው ጫፍ አጥሩ ጋ ተከልኩ። በ2014 ቤቱን ዘግተን ስንወጣ የሚያጠጣቸው አልነበረም። ስንመለስ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። አለቀስኩ፤ አትሳቁብኝ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። የማድ ቤቱ ዛፍ ቅርንጫፉ ራቁቱን ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ እንደ መጥረጊያ ቅጠል ያወጣል። ዘንድሮ ያየሁበት አበባ ስምንት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የአጥሩ ደግሞ ጥር ላይ መላ አካላቱ ሮዝ ይሆናል፣ ንቡ ይተራመስበታል፣ ፍሬም ይይዛል። ፍሬው ሽምብራ ሲያክል ግን አንድ ሳያስቀር ያራግፈዋል። አምናም እንደዚሁ ነው ያደረገኝ።

ጎረቤቶቼ «ቁረጪውና ጎመን ትከይበት» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሐይቅ_ዳርቻ
የካቲት 19 ቀን 2015

ጠፍጣፋ ኮክ ሲባል ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ሲኖትራክ ሄዶበት እንዳይሆን ሃሃሃ። መልሱን ለመስማት ቁጭ ብያለሁ።

መርሳ_ፍራፍሬ
የካቲት 20 ቀን 2015

እህቴ፣ የሚያራግፈው የዝንብ ሥራ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ እኛን ማንጎ ላይ ጨርሶናል። የማድ ቤቱ ደግሞ ፍግ አጥቶ ነው። ሁለት አካፋ የበሰለ ፍግ ስጪው፣ ውኃም ጨምሪለት። እንደው ለነገሩ ኮምቦልቻ የኮክ አገር አይደለም። ማንጎ ትከይና እረፊ።

ቦርከና_ዳር
የካቲት 20 ቀን 2015

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን የረገፈውን እየሰነጠቅኩ አይቼዋለሁ፤ ትል የለውም፣ የተወጋ ቦታም የለውም። ፍግ ከሆነ የሁለት በግ ፍግ በየዓመቱ እሱ ጋ ነው የሚያርፈው።

የጦሳ_ብርድ
የካቲት 20 ቀን 2015

ዝንብ አይደለም። ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው ፍሬው አደግ ብሎ መለስለስ ሲጀምር ነው፤ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ፍሬ ምኗም አይደለች።

እኔ ደሴ ጠፍጣፋ ኮክ አለኝ። አዎ፣ ያፈራል። ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

ኮክ እንዲያብብ መጀመሪያ መተኛት አለበት። የሚያስተኛው ብርድ ነው። ፈረንጆቹ ሙቀቱ ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ገደማ የሆነባቸውን ሰዓታት ይቆጥሩለታል። አንዳንዱ ዝርያ 800 ሰዓት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ 200 ይበቃዋል። ብርዱን ሳይጠግብ የነቃ ዛፍ አንቺ የጻፍሽውን ነው የሚሆነው፦ ጎኑ ራቁት፣ ጫፉ መጥረጊያ፣ አበባው ለምልክት። የማድ ቤቱ ዛፍሽ አልታመመም። እንቅልፍ አጥቶ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ብትሆን ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከፍታው ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት ያመጣል። ያቺ 4 ዲግሪ ለሰው ጃኬት ማውለቅ ናት፣ ለኮክ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ናት። ደግሞ ቀን ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ በከፊል ይሽረዋል። የኅዳር ፀሐያችሁን ታውቂያታለሽ።

በዚያ ላይ ግድግዳ ሥር ተከልሽው! የውጭ አገር ቪዲዮ አይተሽ ነው አይደል? እነሱ በረዶ ስላለባቸው ኮክን ሙቅ ግድግዳ ያስደግፉታል። እኛ ጋ ግልባጩ ነው። ማድ ቤት ደግሞ እሳት የማይጠፋበት ቤት ነው።

ቦርከና_ዳር
የካቲት 21 ቀን 2015

ቪዲዮውን አይቼ ነው፤ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። ታዲያ የአጥሩስ? እሱ እኮ ሙሽራ ይመስል ያብባል፤ እንቅልፉን ጠግቧል ማለት ነው።

እርሻ_ተማሪ
የካቲት 21 ቀን 2015

እዚህ ጋ እኔ ልግባ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፦ የረገፉት ሽምብራዎች ቅርጻቸው ምን ይመስላል? ድብልብል ናቸው ወይስ ከላይ የተጫኑ?

ቦርከና_ዳር
የካቲት 22 ቀን 2015

ጠዋት ከሥሩ አሥራ ምናምን ለቅሜ መዳፌ ላይ ደረደርኳቸው። ሁሉም የተጫኑ ናቸው። ምስር ክክ ነው የሚመስሉት። ለምን ጠየቅከኝ?

እርሻ_ተማሪ
የካቲት 22 ቀን 2015

የፈራሁት እሱን ነበር። የጠፍጣፋ ኮክ ምሥጢሩ ይሄ ነው።

ጠፍጣፋነት በዘር የሚወረስ ነው። ዛፉ ጠፍጣፋነቱን ከአንድ ወገን ብቻ ከወረሰ ደህና ጠፍጣፋ ፍሬ ያፈራል። ከሁለቱም ወገን ከወረሰ ግን ፍሬውን መሸከም አይችልም፤ ገና በትንሽነቱ ያራግፈዋል። በየዓመቱ፣ ሁሉንም። ስለዚህ ገበያ ላይ የምናየው ጠፍጣፋ ኮክ በሙሉ ከአንድ ወገን የወረሰ ነው።

ኮክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሱ አበባ ዱቄት ነው የሚያፈራው። የጠፍጣፋ ኮክ ዘር ተክለሽ አራት ዛፍ ቢወጣ፣ በአማካይ አንዱ እንደ አገራችን ድብልብል ያፈራል፣ ሁለቱ ጠፍጣፋ ያፈራሉ፣ አንዱ ግን አብቦ ያራግፋል። አንቺ የተከልሽው ሁለት ነው። በአጋጣሚ አንዱ ያ አራተኛው የሆነ ይመስለኛል።

ፍግም፣ ውኃም፣ መድኃኒትም አይመልሰውም። አዝናለሁ እህቴ።

ቦርከና_ዳር
የካቲት 22 ቀን 2015

አራት ዓመት እኮ ነው ያጠጣሁት።

ሐይቅ_ዳርቻ
የካቲት 22 ቀን 2015

አብሽሪ እህቴ። ቢያንስ አበባው ያምራል።

አባ_ኩታበር
የካቲት 24 ቀን 2015

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ። የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው፤ ስሕተት ብታገኙ የሱ ነው።

ልጄ፣ አትቁረጪው። ዛፉ ፍሬውን ነው የሚጥል እንጂ ሥሩ ምን በደለ? አራት ዓመት መሬት የያዘ ሥር ካለሽ ግማሽ መንገድ ሄደሻል። ከሚያፈራ ዛፍ ዓይን፣ ከቅጠሉ ሥር ያለችውን እምቡጥ ማለቴ ነው፣ አምጥተሽ ቅርንጫፉ ላይ አዳቅይበት። እኛ በአገሩ ኮክ ላይ የተሻለውን ስናዳቅል ስንት ዘመናችን። አንድ ግንድ ላይ ሦስት ዓይነት ያስያዝኩም አለኝ።

የማድ ቤቱንም እንዲህ ሞክሪው። ዝናቡ እንደወጣ ከጥቅምት ጀምሮ ውኃ ከልክይው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልረገፈውን ቅጠል በእጅሽ እየመለጥሽ አራግፊው። ቅጠሉን ብቻ፤ ከሥሩ ያለችውን ዓይን እንዳትነኪያት። ከዚያ ወር ያህል ቆይተሽ በደንብ አጠጪው። ዛፍም ይታለላል፣ ብርዱ አልፎ ሙቀት የመጣ ይመስለዋል።

መርሳ_ፍራፍሬ
የካቲት 24 ቀን 2015

አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቅጠል የተመለጠ ዛፍ ምን በልቶ ያድራል?

አባ_ኩታበር
የካቲት 24 ቀን 2015

ቅጠሉ እስከዚያ ያጠራቀመለትን ነዋ። ነሐሴ ላይ ብትመልጠው ልክ ነህ፣ ትጎዳዋለህ። ኅዳር ላይ ግን ቅጠሉ ሥራውን ጨርሶ ለመሄድ ጓዙን የሸከፈ ነው።

እርሻ_ተማሪ
የካቲት 25 ቀን 2015

አባባ ልክ ናቸው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሞቃት አገር አፕል የሚያፈሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቅጠሉን በእጅ ያራግፉታል። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዘዴው የሚሠራው ብርድ በትንሹ ለጎደለው ዛፍ ነው። 800 ሰዓት የሚፈልግ ዝርያ ኮምቦልቻ ላይ ቅጠሉን ብትመልጪውም፣ ቆዳውን ብትገፊውም አይነቃም።

ለሙቅ አገር ተብለው የወጡ ጠፍጣፋዎች አሉ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ዩፎ የሚባለው 250 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ስሙንም በራሪ ሳህን ስለሚመስል ነው ያወጡለት። ስፔኖቹ ጠፍጣፋውን ሁሉ ፓራጓዮ ይሉታል። የዘሩ አገር ግን ቻይና ነው።

የጦሳ_ብርድ
የካቲት 25 ቀን 2015

ከኔ ዓይን መውሰድ ትችያለሽ፣ በነፃ። ግን ላታልልሽ አልፈልግም፤ ደሴ ያፈራ ሁሉ ኮምቦልቻ አያፈራም። ተስፋ የሚሰጠኝ አንድ ነገር አለ። የኔው ዛፍ ከጎኑ ካለው የአገር ኮክ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የሚያብበው። ቀድሞ የነቃ ትንሽ እንቅልፍ የሚበቃው ነው ማለት ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነይ። ያኔ ልጡ በቀላሉ ይላቀቃል።

ወሎዬዋ_ከሪያድ
መጋቢት 2 ቀን 2015

እኔ ሰኔ ላይ እመጣለሁ፤ ከዚህ ቅርንጫፍ ቆርጬ በሻንጣ ላምጣላችሁ?

እርሻ_ተማሪ
መጋቢት 2 ቀን 2015

በአላህ እንዳታደርጊው እህት። ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ተክል ማስገባት ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንም እንኳ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለውን ቫይረስ በዓይንሽ አታዪውም። አንዴ ከገባ የአባባን ኮክ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የዱባዩንም ዘር ማንም እንዳይደግመው።

ቦርከና_ዳር
መጋቢት 2 ቀን 2015

ተግሣጹን ተቀብያለሁ። ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ቦርከና_ዳር
መስከረም 20 ቀን 2016

ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ነሐሴ 26 ማለዳ ደሴ ወጣሁ። የጦሳው ወንድማችን የዘንድሮ ቀንበጦች ቆርጦ፣ ቅጠሉን እያነሳ የቅጠሉን እግር ብቻ አስቀርቶ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስወርድ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ጫት ነው?» አሉኝ። የኮክ ዓይን ነው ስላቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቤት እንደደረስኩ አዲስ ምላጭ አወጣሁ። የአጥሩ ዛፍ ላይ እርሳስ የሚያክሉ ቅርንጫፎች መርጬ ልጣቸውን በመስቀል ቅርጽ ሰነጠቅኩ፤ የላይኛው ክንድ የሌለው መስቀል በሉት። ዓይኗን ከነልጧ እንደ ጋሻ ቅርጽ አድርጌ ቀርፌ፣ በተሰነጠቀው ውስጥ ወደ ታች አንሸራትቼ አስገባኋት። ልጡ እንደ ሙዝ ልጣጭ ነው የተላቀቀው፤ ውስጡ እርጥብና አንሸራታች ነው። ከዚያ ፌስታል በቀጭኑ ቀድጄ፣ ዓይኗን ሳልሸፍን፣ ከታች ወደ ላይ ጠበቅ አድርጌ ጠመጠምኩት። አሥራ ሁለት ዓይን አስገባሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ስሠራ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፀሐዩም ወጥቶብኝ ነበር።

አባ ኩታበር በውስጥ መስመር እንዲህ አሉኝ፦ «ሦስት ሳምንት ቆይተሽ የቅጠሏን እግር በጣትሽ ነካ አድርጊያት። ፈንጠር ብላ ከወደቀች ዓይኗ ይዛለች። ደርቃ ከተጣበቀች ሞታለች።»

ትላንት ነካኋቸው። ሰባቱ ወደቁ። አምስቱ ተጣበቁ፤ ሦስቱ እነዚያ ፀሐይ ላይ የሠራኋቸው ናቸው።

አባ_ኩታበር
መስከረም 20 ቀን 2016

ሰባት? እኔ መጀመሪያ ስሞክር አንድም አልያዘልኝም። እጅሽ ይባረክ ልጄ። ፌስታሉን አሁን ፍቺው፣ ያንቀዋል። ብርዱ ሲያልቅ፣ ዓይኖቹ ሊነቁ ሲሉ፣ ከዓይኑ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቁረጪው። ቆይተሽም ከግንዱ የሚወጣውን የራሱን ቀንበጥ አትማሪው። ያ አራጋፊ ነው፣ ጉልበቱን ይበላዋል።

ቦርከና_ዳር
ጥር 28 ቀን 2016

ስለ ማድ ቤቱ አጭር ዜና። ቅጠሉን ኅዳር 24 መለጥኩት። ውኃ ከልክዬ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አጠጣሁት። አምና ስምንት የነበረው አበባ ዘንድሮ አርባ ሦስት ሆነ። ፍሬ የያዘው አራት ነው፤ አራቱም ድብልብል! በዱባይ ዘር የአገር ኮክ መሳይ አበቀልኩ ማለት ነው።

ሐይቅ_ዳርቻ
ጥር 28 ቀን 2016

ሃሃሃሃ የክፍለ ዘመኑ ኪሳራ።

የጦሳ_ብርድ
ጥር 29 ቀን 2016

አራት ድብልብል ከዜሮ ጠፍጣፋ ይሻላል። ደግሞ እሱን መግረዝ አትርሺ። ኮክ የሚያፈራው አምና ባደገ ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው፤ አንዴ ያፈራ ቦታ ላይ ደግሞ አያፈራም። ካልገረዝሽው ፍሬው በየዓመቱ ወደ ላይ እየሸሸ መሰላል ያስገዛሻል። መሃሉን ክፍት አድርጊው፣ እንደ ጀበና ማቶት ወደ ጎን ይዘርጋ። ሰዎች መቀስ ሲያነሱ ይሳሳሉ፤ ኮክ ላይ ግን መሳሳት አያዋጣም።

ቦርከና_ዳር
ግንቦት 30 ቀን 2017

ሰላም ቤተሰብ። ከአንድ ዓመት በላይ ጠፍቼ ነበር። ያዳቀልኩት ቀንበጥ አምና ሙሉውን ዓመት ዝም ብሎ አደገ። ዘንድሮ ጥር መጀመሪያ ላይ ከማድ ቤቱ ቀድሞ አበበ። በሚረግፍበት ሰሞን በየቀኑ ጠዋት እየሄድኩ መሬቱን አይ ነበር። ረገፈ፣ ግን ጥቂት ነው። ወደ ሠላሳ የሚሆን ቀረ።

በውስጥ መስመር ፍሬውን አሳሺው ተባልኩ። በፍሬና በፍሬ መሃል አንድ ስንዝር ያህል እየተውኩ ቀሪውን በገዛ እጄ ለቀምኩ። አንጀቴ እያረረ ነው። አሥራ አንድ አስቀረሁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰ። አሥራ አንዱም ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱን ወፍ ቀደመኝ። አንዱን ጎትቼ ስቀጥፈው አናቱ ላይ ልጣጩ ተቀደደ፤ ማታ ጉንዳን ሞልቶት አገኘሁት። ጠፍጣፋ ኮክ እግሩ በጣም አጭር ስለሆነ መጎተት አይወድም። የቀሩትን በመቀስ እግራቸውን እየቆረጥኩ አወረድኳቸው። ደግሞ ጎድጓዳው ላይ የዝናብ ውኃ ሲቋጥር ይበሰብሳል፤ ክረምት ሳይገባ መድረሱ ጠቀመኝ።

መርሳ_ፍራፍሬ
ሰኔ 1 ቀን 2017

በዝንቡ ጉዳይ ተሳስቼ ነበር፣ አምኛለሁ። ማንጎ ትከይ ያልኩትንም አንስቻለሁ። ግን ከርሞ ፍሬው ሲበዛ ዝንቡ አይቀርልሽም። መቅላት ሳይጀምር እያንዳንዱን በወረቀት ከረጢት ሸፍኝው። የወደቀውን ሥሩ አትተይው፤ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ ፀሐይ ላይ ጣይው፣ ትሉ እዚያው ይቀቀላል። ይህን ማንጎ ነው ያስተማረኝ።

የጦሳ_ብርድ
ሰኔ 1 ቀን 2017

ዓይኑ የኔ፣ ሥሩ ያንቺ። ድርሻዬ ስንት ነው?

ቦርከና_ዳር
ሰኔ 1 ቀን 2017

ሁለት ፍሬ ከደሴ ሚኒባስ ሹፌር ጋር ልኬልሃለሁ። ለአባባም ሁለት አለ፤ ኩታበር አድርስልኝ።

አባ_ኩታበር
ሰኔ 4 ቀን 2017

ደርሶኛል ልጄ። አንዱን እኔ በላሁት፣ አንዱን የስልኩ ባለቤት ቀማኝ። ጣዕሙ ጥሩ ነው። ለኔ ትንሽ ሆምጠጥ ቢል እወድ ነበር።

ሐይቅ_ዳርቻ
ሰኔ 4 ቀን 2017

እኔም አያቴ ግቢ የአገር ኮክ አለን። ነሐሴ ላይ ዓይን ትሰጪኛለሽ?

ቦርከና_ዳር
ሰኔ 4 ቀን 2017

ሲኖትራክ ያልከውን አልረሳሁም። ምላጭህን ይዘህ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ና።